በሁለት ጣት

ድሮ ስምል በወንድሜ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ «ወንድሜ ይሙት!» ስል ነበር የምውለው። ካርቡራተሩ ተጠርጓል ወይ ሲሉኝ «ወንድሜ ይሙት ተጠርጓል»፤ ነገ ይደርሳል ወይ ሲሉኝ «ወንድሜ ይሙት ይደርሳል»። አይደርስም እኮ! ውሸቴን ነው። ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ በነበረው የቆርቆሮ ጋራዥ የምንሠራው ሁላችንም እንደዚያው ነበርን፤ በየወንድማችንና በየእህታችን ነበር የምንምለው። አሁን አጠገቤ ሆኖ እንዲህ ብሎ የሚምል ሰው ሳገኝ ደሜ ይፈላል። በቅርቡ አንዱ ወጣት መካኒክ ላይ ጮህኩበት፤ ደንግጦ ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። ምን ያውቃል እሱ፣ ምን ያድርግ።

ወንድሜ አንድ ብቻ ነበር፤ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ገና ዳዴ የምል ልጅ ስለነበርኩ፣ አባት ሲባል ወደ ሐሳቤ የሚመጣው እሱ ነው። ጫማዬን የሚያስርልኝ፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ፣ ስጣላ መጥቶ የሚገላግለኝ፣ ካልሆነለትም አብሮኝ የሚጣላ። ጋሼ ነበር የምለው። እሱ ደግሞ ጢም አውጥቼ፣ ሥራ ይዤ እንኳ «ጩጬ» ነበር የሚለኝ። ከእማዬ ጋር መካኒሳ እንኖር ነበር፤ እነሱ ዋናው ቤት፣ እኔ ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል።

ጋሼ መንገድ ቀያሽ ነበር። ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ረጋ ያለ ሰው። አንድ እብደት ብቻ ነበረችው፤ ሞተሯ። መንግሥት ከተለወጠ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጠቅልሎ ወደ አገሩ የሚሄድ አንድ ፈረንጅ ሸጠለት። ጃፓን ሠራሽ፣ ቀይ፣ ስትነዳት ደረትህ ነዳጅ ማጠራቀሚያዋ ላይ የሚተኛ የእሽቅድምድም ሞተር። በዚያን ጊዜ መካኒሳ ውስጥ ሞተር ሲባል የመሥሪያ ቤት ተላላኪ የሚጋልባት፣ ቱር ቱር የምትል ነገር ነበረች። ይቺ የመጣች ቀን ሰፈሩ እንዳለ ወጥቶ አየ። ጋሼ ላይዋ ሲወጣ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። እኔም በልቤ እኮራበት ነበር፤ አልነገርኩትም እንጂ።

ጉዱ ፍሬኗ ላይ ነበር። ኦሪጅናሉ የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ሌላ የሚገኝ ስላልነበረ፣ የጭነት መኪና ሸራ አስቆርጦ አስለጠፈላት። የጭነት መኪና ሸራ ድንጋይ ነው፤ ዲስኩን ያሸዋል እንጂ አይነክሰውም። በዚያ ላይ የፍሬኑን ዘይት የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ አርጅቶ ስለነበር፣ እጀታው ሲጨመቅ ኃይሉን ወደ ታች ከማድረስ ይልቅ ራሱ እንደ ፊኛ ይነፋ ነበር። ስለዚህ ጋሼ በቀኝ እጁ አራት ጣት፣ ባለ በሌለ ኃይሉ፣ እጀታው መሪው ላይ እስኪጣበቅ ድረስ መጭመቅ ነበረበት። ሦስት ዓመት እንደዚያ ነዳት። እጁ ያንን ለመደ። ድንገት የሆነ ነገር ከመጣበት፣ ሳያስብ አራቱንም ጣቶቹን እንደ ቡጢ ጨብጦ ነው የሚይዘው።

«ጋሼ፣ ይሄ ፍሬን አይደለም እኮ፤ ልመና ነው» እለዋለሁ።

«አቦ ተወኝ ጩጬ። እኔና እሷ ተግባብተናል» ይለኛል።

የተጣላነው በዚሁ ነው። ዐቢይ ጾም እኩሌታው ላይ፣ የደብረ ዘይት ዕለት፣ እማዬ እግሯን አሟት ስለነበር ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን በሞተር ላምጣት አለ። በጎን አስቀመጣት፤ ነጠላዋን አገልድማ፣ በአንድ እጇ ወገቡን ይዛ፣ በአንድ እጇ እያማተበች መጣች። እኔ በራችን ላይ ቆሜ ነበር። ሰፈራችን መግቢያ ቁልቁለቱ ላይ አንድ መኪና ከግቢ ወደ ኋላ እየወጣ መንገዱን ዘጋው። ጋሼ ፍሬን ያዘ። ያዘ፣ ያዘ፣ አልቆመችም። መሪውን ጠምዝዞ ጎረቤት ለቤት መሥሪያ ያስደፋው የአሸዋ ክምር ውስጥ ገባ።

እማዬ እስከ ጉልበቷ አሸዋ ውስጥ ቆማ ሳቀች። «ወይ ጉድ! ዛሬስ ሰማይ ቤት ደርሼ መጣሁ!» አለች። ጎረቤቱም አብሯት ሳቀ። እኔ ግን ዓይኔ ደም ለበሰ። ሮጬ ደረስኩና እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣

«አንተ ሰውዬ! እናቴን ልትገድላት ነው?» አልኩት።

ሳቁ ቀጥ አለ። ጋሼ ሱሪውን ማራገፍ ትቶ ቀና ብሎ አየኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ጋሼ ያላልኩበት ቀን አልነበረም።

«ማንን ነው ሰውዬ የምትለው?»

«አንተን!»

«እሺ» አለ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ሽንት ጨርቅህን ያጠበልህ ሰውዬ ነኝ።» ሞተሯን እየገፋ ወደ ግቢ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተኳረፍን።

ኩርፊያ በእኛ ቤት እንዴት እንደሚኬድ ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ሰው ተኮራርፎ ማዕድ አይለይም፤ አብረን ነው የምንበላው፣ ከአንድ ትሪ። ቃል ግን በእማዬ በኩል ነው የሚያልፈው። «እማዬ፣ ጨውን ወደዚህ ገፋ ያድርገው በይው» እላለሁ፤ ጨው እኮ ፊቱ ነው ያለው፣ እሱም ይሰማኛል። እማዬ ዞር ብላ «ጨውን ስጠው» ትለዋለች። «እጁ ይደርሳል በይው» ይላታል። እንዲህ እየተባባልን ሦስት ሳምንት አለፈ። ታናሽ እኔ ነበርኩ፤ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። አውቀው ነበር። በየጠዋቱ ዛሬ እላለሁ፣ ፊቱን ሳይ ምላሴ ይታሰራል። እልኸኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ፣ እንደዚህ ነው የተፈጠርኩት።

አፌ እምቢ ሲለኝ በእጄ ልጠይቀው አሰብኩ። በዚያው ሰሞን አንድ የተጋጨ አዲስ ሞተር ጋራዣችን መጥቶ ለመለዋወጫ ተፈትቶ ነበር። የፊት ፍሬኑ ያምር ነበር፤ ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ ትልቅ፣ ዲስኩን ነክሰው የሚይዙት ካሊፐሮች ባለ አራት ፒስተን፣ ቱቦው ላዩ በብረት ሽቦ የተጎነጎነ፣ ቢጨመቅ ፈጽሞ የማይነፋ። ለቀይዋ ፈልጌ አስቀረሁት። ጋሼ ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ለመስክ ሥራ ክፍለ ሀገር ሲወጣ ሞተሯን ግቢ ትቷት ሄደ። እኔም ገባሁበት። ካሊፐሮቹ የፊት ጎማዋን በያዘው ሹካ ላይ ልክ ስላልመጡ ቶርኖ ቤት ማያዣ ብረት አሠራሁላቸው፤ ባለሙያው ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሁለት ጊዜ ተጨቃጨቅኩ። ሸራውንም ከነካሊፐሩ የመጣውን ደህናውን አደረግኩላት። አራት ቀን ከሥራ መልስ ተንበርክኬ ስሠራ፣ እያንዳንዱን ብሎን ሳጠብቅ «ይቅርታ ጋሼ» እያልኩ ነበር። በአፌ አይደለም፤ በልቤ።

ቅዳሜ ከሰዓት የቀረኝ ዘይት ሞልቶ አየሩን ማስወጣት ነበር። ያ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ እጀታውን ይጨምቃል፣ አንዱ ታች ሆኖ መተንፈሻዋን ይከፍታል። እማዬን ጠራኋት። በርጩማ ላይ ተቀምጣ መሪውን ያዘች።

«ጭመቂ… ያዢ… አትልቀቂ… አሁን ልቀቂ።»

«ይሄማ ብርድ ልብስ ከመጭመቅ አይብስም» አለች።

አረፋው እየወጣ፣ እየወጣ፣ ሲያልቅ እጀታው ጠነከረ። ተነሥቼ በክሪክ ከፍ ብሎ የነበረውን የፊት ጎማ በእጄ አሽከረከርኩት።

«አሁን እማዬ፣ በሁለት ጣት ብቻ። በቃ፣ ነካ አድርጊው።»

ሌባ ጣቷንና የመሐል ጣቷን ዘርግታ ነካ አደረገችው። ጎማው ቀጥ አለ። «በስመ አብ!» ብላ እጇን ሰበሰበች። ከዚያ እንደገና ሞከረችው፤ እንደገና። እንደ ልጅ ሆነች።

«በሁለት ጣት ነው የሚያዘው ከዚህ በኋላ» አልኳት። «በአራት ጣት ከያዘው ይጥለዋል።»

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለችኝ፤ ጭንቅላቴን ሳመችኝ። «አሁን ልቤ ያርፋል።»

ይጥለዋል ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። በዚያው ቀን ወደ ለቡ ወስጄ ሞክሬያታለሁ፤ ለቡ ያኔ ገና እርሻ ነበር፣ መንገዱ ጭር ያለ። በመጀመሪያው አያያዝ የኋላ ጎማዋ ከመሬት ተነሣ፤ ልገለበጥ ምንም አልቀረኝም። ሦስት አራት ጊዜ ደግሜ እጄ ሲለምደው ነው የተመለስኩት። እንግዲህ አውቄ ነበር። ማንም ሳይነግረኝ፣ በራሴ እጅ አውቄ ነበር።

ጋሼ የመጣው የሆሳዕና ዕለት እሑድ ወደ ማታ ነው። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቆርጣ ነበር የጠበቀችን። ለንስሐ አባቷ ስለ እኛ ነግራቸው፣ «አንቺ መሐል ሆነሽ ስለምታመላልሺላቸው ነው የማይታረቁት፤ ተያቸው» ብለዋት ነበር። ራት ላይ ተናገረች።

«ከዛሬ ጀምሮ የማንም ተላላኪ አይደለሁም። አፍ አላችሁ። ለፋሲካ ታርቃችሁ ካልተሳሳማችሁ ዶሮ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይሠራም።»

ጋሼ ፈገግ አለ። እኔም ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ያን ማታ ልንገረው ብዬ ነበር፤ ፍሬኑን ቀይሬዋለሁ፣ በሁለት ጣት ያዝ። አምስት ቃል ቢሆን ነው። ግን ራሴን ምን አልኩት መሰላችሁ? ነገ ጠዋት ራሱ ያየዋል፣ ይደነግጣል፣ መጥቶ «ምንድን ነው ያደረግክልኝ?» ይለኛል፤ ያኔ እኔ «ምንም» እለዋለሁ፣ ከዚያ አብረን እንስቃለን፣ ከዚያ እነግረዋለሁ። እንዲጠይቀኝ ፈለግኩ። አንድ ጊዜ እንኳ እሱ ቀድሞ እንዲናገረኝ ፈለግኩ።

ሰኞ ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ የጋሼ ኮቴ በጓሮ በኩል መጣ። አውቀዋለሁ ኮቴውን። በሬ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጥላው በበሩ ሥር ይታየኝ ነበር። አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «እህህ» አለ። እኔ የጫማዬን ክር እንደያዝኩ ቀረሁ። በልቤ «በል፣ በል ጋሼ፣ አንድ ቃል» እላለሁ። በሩን መክፈት እችል ነበር። ሁለት እርምጃ ነው። ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ኮቴው ተመለሰ። ሞተሯ ተነሣች፣ የግቢው በር ተከፈተ፣ ሄደ።

ሩቅ አልሄደም። ወደ መካኒሳ ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማውረድ ከፊቱ ቆመ። በቃ ይኸው ነው። ሌላ ምንም ነገር የለም። የሚኒባሱ ወያላ በኋላ እንደነገረኝ ፍጥነትም አልነበረውም። «ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሰውዬው ግን አልቆመም» አለኝ። በላይዋ ተወርውሮ በጭንቅላቱ ወደቀ። ሄልሜቱ እንደ ልማዱ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ ስደርስ መኪና ውስጥ አስገብተውት ነበር፤ ሆስፒታል ሳይደርስ እጄ ላይ አለፈ። «ጋሼ» አልኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላልኩትን ያን ቀን መቶ ጊዜ አልኩት።

በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም። በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞት ሁሉ አስቀድሞ የሆሳዕና ዕለት ነው የሚፈታው። እማዬ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆማ ያንን ጸሎት ሰምታለች፤ «ለካ ለልጄ ነው ቆሜ የሰማሁት» እያለች አለቀሰች። ጋሼ ያለ ፍትሐት፣ ዝም ተብሎ ተቀበረ። ሰው በዚያ ሳምንት ሰላምታ እንኳ ስለማይለዋወጥ፣ ለቅሶ ደራሹ እየመጣ ሳይስመን፣ ሳይጨብጠን ነበር የሚቀመጠው። ጥሩ ሆነልኝ። ማንም እጄን እንዲነካው አልፈለግኩም።

ድንኳን ውስጥ ሁሉም «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ይል ነበር። እማዬ ትቆጣለች። «የምን እምቢ! ይሄ ልጄ በገዛ እጁ አድሶለት! ቀኑ ደርሶ ነው እንጂ» ትላለች፤ ትከሻዬን ትይዛለች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። በሦስተኛው ቀን ቁልቁለቱ ላይ ሄጄ አየሁት። አስፋልቱ ላይ የቀረው ጥቁር መስመር አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። እንዲህ አጭር የፍሬን መስመር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ምን የመሰለ ሥራ ሠርቼ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ሞተር አልነካሁም፤ የጭነት መኪና ብቻ ነው የምሠራው። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ የጎረቤት ሰው ሞተሩን ይዞ ቤት ድረስ መጥቶ ፍሬን ሥራልኝ ቢለኝ አምባርቄ አባረርኩት። እማዬ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር፤ እግሯ ጨርሶ እምቢ ብሏት ነበር ያኔ። ጠራችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«የጋሼህ ነገር ነው አይደል?» አለችኝ። «እኔም ያስጨንቀኛል። ያን ዕለት ጠዋት እኔን ነበር የጠየቀኝ።»

«ምን ብሎ?»

«‹እማዬ፣ ፍሬኗን ቀይሮታል፣ አየሁት። ምን አለሽ? እንዴት ነው የሚያዘው?› አለኝ።» ቀኝ እጇን አንሥታ ሁለት ጣቶቿን አየቻቸው። «አውቄው የለ? በዚህ በጣቴ ይዤው የለ? ግን አላመላልስም ብዬ ነበራ! ‹አፍ የለህም? ሂድ ራስህ ጠይቀው› አልኩት። ሳቀ። ‹እሺ፣ ልጠይቀው› ብሎ ወዳንተ ሄደ። እኔ እዚህ ቆሜ አማተብኩ፣ ልጆቼ ሊታረቁልኝ ነው ብዬ።»

መሬት መሬት አየሁ።

«ጠየቀህ አይደል?» አለች። ዓይኔን አየችኝ። «እኔ ብነግረው ኖሮ እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ እገለባበጣለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ የለም፣ ራሱ ሄዶ ጠይቆታል፣ ልጄ ነግሮታል፣ ቀኑ ደርሶ ነው እላለሁ። ነገርከው አይደል?»

«ነገርኩት እማዬ።»

«በሁለት ጣት ብለህ?»

«በሁለት ጣት ብዬ።»

«ታረቃችሁ?»

«ታረቅን። ሳመኝ።»

«እስቲ ማልልኝ» አለች። «አንተ እንደሆንክ ስትምል ነው የኖርከው።»

በማን ልማልላት? የምምልበት ሰው አፈር ውስጥ ነው። የቀረችኝ እሷ ነበረች።

«አንቺን ይንሳኝ» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ይዛው የኖረችውን። «ተመስገን» አለች፤ ከዚያ ፀሐዩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረችልኝ። ባሳለች ቁጥር፣ ባነጠሰች ቁጥር፣ እንደሌባ እየደነገጥኩ ኖርኩ።

አሁን እሷም የለች፤ የምዋሽለት ሰው የለኝም። አልጠየቀኝም። በሬ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እኔም ሰምቼ ዝም አልኩት።